የቮልስ ፍሬን ፔዳል ሲለሰልስ፦ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘትና መጠገን

አሮጌ ቮልስ ላይ የፍሬን ፔዳል ለስልሶ ወይም ዝቅ ብሎ ሲገኝ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አየር ማስወጣት ነው። ካልተስተካከለ ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ዕቃ) ይገዛል። ሁለቱም አንዳንዴ ትክክለኛ መፍትሔ ናቸው። ነገር ግን በአራቱም ጎማ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞር ጎድጓዳ ብረት) ያለው ቮልስ ላይ ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት ሸራው፣ ማለትም ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው፣ ከታምቡሩ መራቁ ነው፤ እሱ ደግሞ በአንድ ካቻቢቴ፣ ምንም መለዋወጫ ሳይገዛ፣ በአንድ ጠዋት ይስተካከላል። ሸራው ሳይስተካከል አየር ቢወጣ ፔዳሉ እዚያው ዝቅ እንዳለ ይቀራል። ባለቤቱም አየሩ ያልወጣ መስሎት ሌላ ሊትር ዘይት ይገዛል፤ ቀጥሎ ማስተሩን ይቀይራል፤ ገንዘቡ አልቆም ፔዳሉ ያው ነው። ስለዚህ ከዕቃው ይልቅ ቅደም ተከተሉ ላይ ጊዜ ስጡ።

እዚህ ያሉት ልኮች የታምቡር ፍሬን ላለው፣ በሞተር ቫኩም የሚታገዝ ፍሬን ለሌለው ቮልስ ናቸው። የምርመራው ቅደም ተከተል ለፊያት 600ም ሆነ ለሌላ ባለ ታምቡር አሮጌ መኪና ያገለግላል፤ ልኮቹን ግን ከየመኪናው መጽሐፍ ውሰዱ። አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ፦ እ.ኤ.አ. እስከ 1966 የተሠሩት ቮልሶች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ሁለት መስመር አላቸው፤ ለሌላው ዓለም ከተሠሩት አንዳንዶቹ ከዚያም በኋላ በአንድ መስመር ቀጥለዋል። መኪናችሁ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከፊት ኮፈን ስር ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ ወደ ማስተሩ የሚወርዱትን ቱቦዎች ቁጠሩ። ባለ አንድ መስመር ከሆነና ፔዳሉ ከለሰለሰ፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ መኪናው ከግቢ አይውጣ።

ፔዳሉን በእግር መመርመር

ምንም ሳትፈቱ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ እነዚህን አራት ሙከራዎች አድርጉ። ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስዱም፤ ግማሹን ሥራ ግን ይጨርሱላችኋል።

መጀመሪያ አንዴ በዝግታ ርገጡና ፔዳሉ የት ላይ እንደሚቆም ልብ በሉ። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ርገጡ። ፔዳሉ ከፍ ብሎ ድርቅ ካለ ሸራው ርቋል ማለት ነው፤ የመጀመሪያው እርግጫ የሚሄደው ክፍተቱን በመሙላት ስለሆነ ነው። ከፍ ብሎም ከእግር ስር እንደ ስፖንጅ የሚመለስ ከሆነ ግን መስመሩ ውስጥ አየር አለ።

ሁለተኛ፣ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ጎትቱና እንደገና ርገጡ። የእጅ ፍሬኑ የኋላ ሸራዎችን ወደ ታምቡሩ ስለሚያስጠጋ፣ ፔዳሉ በግልጽ ከፍ ካለ ጥፋቱ የኋላ ሸራ ማስተካከያ ላይ ነው። ይህን ሙከራ ብዙ ጋራዥ ይዘለዋል፤ መዘለል ግን የለበትም።

ሦስተኛ፣ ፔዳሉን በመካከለኛ ጉልበት ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ያዙት። ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ዘይት የሚያመልጥበት ቦታ አለ፤ ወይ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ወይ ማስተሩ ውስጥ በጎሚኒው (ዘይቱን በሚያግደው ላስቲክ) አልፎ ወደ ኋላ ይመለሳል።

አራተኛው ጥያቄ ነው፦ ችግሩ ሁልጊዜ አለ ወይስ ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ብቻ ይመጣል? ከሙቀት ጋር ብቻ የሚመጣ ከሆነ የዘይቱን ዕድሜ ተጠራጠሩ። ወደ እሱ እንመለስበታለን።

የሚለሰልስበትን ምክንያት ለመረዳት አንድ ነገር መያዝ በቂ ነው። ባለ ሁለት መስመር ቮልስ ላይ ያለው ማስተር የውስጡ ስፋት 19.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በአንድ እርግጫ የሚገፋው ዘይት በጣም ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ዘይት ስምንት ሸራዎችን ከታምቡር ጋር ማገናኘት አለበት። እያንዳንዱ ሸራ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢርቅ እንኳ ስምንት ጊዜ ሲደመር ከፔዳሉ ጉዞ ትልቁን ክፍል ይበላል። ከገበያ ከመጀመሪያው የሚሰፋ ዊል ሲሊንደር (በየጎማው ሸራውን የሚገፋው ዕቃ) ገዝቶ የገጠመ ሰውም በዚሁ ምክንያት ፔዳሉ ዝቅ ይልበታል። ለምሳሌ በ22.2 ሚሊ ሜትሩ ፈንታ 25.4 ቢገባ ለዚያው እንቅስቃሴ 30 በመቶ ያህል ተጨማሪ ዘይት ይፈልጋል። ዊል ሲሊንደር ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና በካሊፐር አስለኩ፤ «የቮልስ ነው» መባሉ አይበቃም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ክሪክና ሁለት የብረት መደገፊያ፤ ጡብና ድንጋይ የመኪና መደገፊያ አይደሉም። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ 7 ቁጥር ቁልፍ ለአየር ማስወጫው፣ 11 ቁጥር ቁልፍ ለብረት ቱቦዎቹ ዳዶ፤ የሚቻል ከሆነ ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዘው ዓይነት ይሁን፣ ተራው ቁልፍ አሮጌ ዳዶ ጥግ ያላጫል። ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ግማሽ ሜትር፣ አንድ ብርጭቆ ጠርሙስ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ አልኮል፣ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ። እና ማሸጊያው ያልተከፈተ አንድ ሊትር ዶት 4 የፍሬን ዘይት። የቮልስ መስመር የሚይዘው ሩብ ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው አሮጌውን አጥቦ ለማስወጣት ነው። ዶት 3ም ይሆናል። ዶት 5 የተባለው የሲሊኮን ዘይት ግን ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም፤ አትጨምሩት። የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት ጠብታ እንኳ ከገባ ጎሚኒዎቹ በሙሉ ያብጣሉ፤ ያኔ ማስተሩን፣ አራቱን ዊል ሲሊንደሮችና አራቱን የጎማ ቱቦዎች መቀየር ግድ ይሆናል።

አንደኛ፦ ፍሳሽ መፈለግ

የማጠራቀሚያውን ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን ጥረጉ። ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ የአየር ቀዳዳ ክፍት መሆኗን በመርፌ አረጋግጡ፤ ከተደፈነች ዘይቱ በነፃነት ወደ ማስተሩ አይወርድም። የዘይቱ ከፍታ ከቀነሰ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ሸራው አልቆ ፒስቶኖቹ ወደ ውጭ ወጥተዋል፣ ወይም ዘይት እየፈሰሰ ነው። ዝም ብላችሁ አትሙሉት።

አሁን በባትሪ እየተመለከታችሁ ተራ በተራ ሂዱ። ማስተሩ ከሹፌሩ እግር ፊት፣ ከፔዳሎቹ ጀርባ ነው። ከፔዳሉ በኩል ያለውን የጎማ ሽፋን ጫፍ በጣት ከፍ አድርጉ፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ የኋለኛው ጎሚኒ አልቋል። የወለሉን ምንጣፍ አንስታችሁ ቀለሙ ተልጦ እንደሆነ እዩ፤ የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ይበላል፤ ስለዚህ የተላጠ ቀለም የቆየ ፍሳሽ ምልክት ነው። ማስተሩ ላይ የተገጠሙት የፍሬን መብራት ማብሪያዎችም ያፈሳሉ። ሽቦውን ነቅላችሁ ማያያዣው ሥር እርጥበት ካለ ማብሪያውን ቀይሩ። ትንሽና ርካሽ ዕቃ ነው፤ ግን በእሱ ምክንያት ስንት ደህና ማስተር ተጥሏል።

ከዚያ የየጎማውን ውስጠኛ ጎን እዩ። የኋላ ጎማ ላይ እርጥበት ስታገኙ ምን እንደሆነ ለዩ። የካምቢዮ ዘይት ወፍራምና ጥቁር ነው፤ የድኝ ሽታ አለው፤ ውኃ ቢፈስበት አይለቅም። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፤ በውኃ ይታጠባል። የመጀመሪያው ከሆነ የአክሱሉ ዘይት መከላከያ ጎማ፣ ሁለተኛው ከሆነ ዊል ሲሊንደሩ ነው የሚቀየረው። በሁለቱም ጊዜ ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ ሲሞቅ ዘይቱ ተመልሶ ይወጣል። ደግሞም አንድ ጎን ብቻ አይቀየርም፤ መኪናው ሲያቆም ወደ አንድ ጎን ይስባል።

አራቱን የጎማ ቱቦዎች በእጅ አጥፉ። የተሰነጠቀ፣ ያበጠ፣ የለሰለሰ ካለ አራቱንም ቀይሩ። ረዳታችሁ አጥብቆ ሲረግጥ እጃችሁን ቱቦው ላይ አድርጉ፤ ሲያብጥ ከተሰማችሁ ፔዳሉን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። የብረት ቱቦ የተበላ ከሆነ በብረት ወይም በመዳብና ኒኬል ቅይጥ ተኩት። ለማቀዝቀዣ የሚሠራው ንጹሕ መዳብ ለማጠፍ ይመቻል፤ በንዝረት ግን ይሰነጠቃል፤ ለፍሬን አይሆንም።

ሁለተኛ፦ የፔዳሉ ነፃ እንቅስቃሴ

ፔዳሉን በጣት ብቻ ወደ ፊት ግፉት። የመጀመሪያዎቹ 5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ምንም ሳይከብድ መሄድ አለበት፤ ያ ማለት በመግፊያው ዘንግና በማስተሩ ፒስቶን መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት አለ ማለት ነው። ክፍተቱ ከበዛ ፔዳሉ በከንቱ ይጓዛል። ፈጽሞ ከሌለ ደግሞ የባሰ ነው፦ ፒስቶኑ ሙሉ በሙሉ ስለማይመለስ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያ የሚመለስባት ጥቃቅን ቀዳዳ ተሸፍና ትቀራለች፤ ፍሬኑ በራሱ ይያዛል፤ ታምቡሮቹ ይግላሉ። ዝቅ ያለ ፔዳል ከፍ እንዲል ብሎ ዘንጉን ማስረዘም የሚያመጣው መዘዝ ይኸው ነው። ማስተካከል ካስፈለገ የፔዳሉን ማቆሚያ ሳህን ብሎን አላልታችሁ ሳህኑን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አንሸራቱት፤ አጥብቁና እንደገና ለኩ።

ሦስተኛ፦ ሸራዎቹን ማስተካከል

ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ ይህ ነው። እያንዳንዱ ታምቡር ውስጥ ሁለት ባለ ጥርስ ማስተካከያዎች አሉ፤ በጠቅላላ ስምንት። ባለ አምስት ብሎን ጎማ ባላቸው አሮጌዎቹ ላይ የሚደረስባቸው ታምቡሩ ፊት ላይ ባለው አንድ ቀዳዳ ነው፤ ጎማውን እያዞራችሁ ቀዳዳውን ከማስተካከያው ጋር ታገጥማላችሁ። ባለ አራት ብሎኖቹ ላይ ከጀርባ፣ ሸራው በተቀመጠበት ሳህን ላይ በትንንሽ የጎማ ክዳን የተዘጉ ቀዳዳዎች አሉ።

የእጅ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፤ ማርሹ ነፃ ይሁን፤ መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች በጠንካራ ነገር ከፊትና ከኋላ አግዱ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ከሆነ መጀመሪያ ዳዶዎቹን አላሉ፤ ካልሆነ የኋላ ሸራዎቹ ወደ ቦታቸው ሳይመለሱ የተሳሳተ ልክ ትይዛላችሁ።

ጎማውን አንሱ። ካቻቢቴውን አስገቡና ጥርሱን ወደ አንድ አቅጣጫ ግፉ፤ በሌላው እጃችሁ ጎማውን እያዞራችሁ ይክበድ ይቅለል እዩ። ሁለቱ ማስተካከያዎች እርስ በርሳቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ አቅጣጫ ከማስታወስ በእጅ መስማት ይሻላል። ጎማው እስኪያዝ አጥብቁ። ከዚያ ረዳታችሁ ፔዳሉን ሁለቴ አጥብቆ ይርገጥና ይልቀቅ፤ ሸራው በታምቡሩ መሐል ይቀመጣል። ጎማው እንደገና ነፃ ከሆነ ሸራው ጠማማ ተቀምጦ ነበር ማለት ነውና ጨምራችሁ አጥብቁ። ረግጦ ለውጥ እስከማይመጣ ድረስ ድገሙት። አሁን ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ መልሱ፤ ጎማው በእጅ ሲዞር ነፃ ሆኖ፣ ቀላልና እኩል የሆነ የሸራ ድምፅ ቢሰማ ጥሩ ነው። ሁለተኛውን ማስተካከያም እንዲሁ።

ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠንክሮ ሌላው ላይ ከጠፋ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል። ቶርኖ ቤት ሊስተካከል ይችላል፤ ነገር ግን 230 ሚሊ ሜትር የነበረው ውስጡ ከተላጨ በኋላ ከ231 ካለፈ ሌላ ታምቡር ፈልጉ። የሳሳ ታምቡር ሲረገጥ ራሱ ይለጠጣል፣ ሲሞቅም ይሰፋል፤ ሁለቱም ፔዳሉን ያለሰልሳሉ። አንዳንድ ሞዴሎች የፊት ታምቡራቸው 248 ሚሊ ሜትር መሆኑንም አስታውሱ።

ማስተካከያው እስከ መጨረሻ ወጥቶም ጎማው ካልተያዘ ሸራው አልቋል፤ ውፍረቱ ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ይቀየር። ማስተካከያው ከዛገና አልዞርም ካለ አትታገሉት፣ ጥርሱ ይሰበራል፤ ታምቡሩን አውጥታችሁ በስፕሬይ አላቅቁት፣ ጥርሱን አጽዱ፣ ክሩን ሙቀት የሚችል ግሪስ በስሱ ቀቡት።

ታምቡር ስታወጡ ሦስት ነገር ልብ በሉ። የአሮጌ ሸራ ትቢያ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ በአየር ግፊት አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የግራ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ዳዶ ክሩ የግራ ስለሆነ የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ነው፤ መሐሉ ያለው የፍጥነት መለኪያው ገመድ ነውና ጫፉ ላይ ያለችውን ማያያዣ ቀድማችሁ አውጡ። ስትመልሱ ኩሽኔታው ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር ብቻ ይንቀሳቀስ፤ የላላ ኩሽኔታ ታምቡሩን እያወዛወዘ ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። የኋላው ታምቡር 36 ቁጥር ቡሶላና ረጅም ቱቦ ይፈልጋል፤ ዳዶው የሚፈታውም የሚጠብቀውም መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ሲመለስ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይጥበቅ፤ የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ ፊት ጨምሩ እንጂ ወደ ኋላ አትመልሱ። በደንብ ያልጠበቀ እንደሆነ የታምቡሩ ውስጠኛ ጥርስ ይበላል፤ በመጨረሻም ጎማው በባዶ ይዞራል።

አሮጌው ብረት ላይ አዲስ ሸራ ካስለጠፋችሁ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። የሸራው ኩርባ ከታምቡሩ ኩርባ ጋር ካልገጠመ ሸራው በመሐሉ ብቻ ይነካል፤ ሲረገጥ ብረቱ ራሱ ይታጠፋል፤ አየር የሌለበት ፔዳል ልክ አየር እንዳለበት ይለሰልሳል። ለማረጋገጥ ሸራውን በጠመኔ ቀቡ፣ ታምቡሩን መልሱ፣ እየረገጣችሁ ጥቂት አዙሩትና አውጡ። ጠመኔው የጠፋው መሐል ላይ ብቻ ከሆነ ሸራው በታምቡሩ ልክ መሞረድ አለበት። ሸራ የሚለጥፉት ቤቶች ታምቡሩን ይዛችሁላቸው ከሄዳችሁ ይሠሩታል፤ ሸራውን ብቻ ልካችሁ ግን በግምት ነው የሚመለስላችሁ።

ስምንቱ ካለቁ በኋላ የእጅ ፍሬኑን ገመድ መልሱ፦ በሁለተኛው ጥርስ የኋላ ጎማዎች በእጅ በጭንቅ ይዙሩ፣ በአራተኛው ፈጽሞ አይዙሩ። አሁን ፔዳሉን ርገጡ። ከፍ ብሎ ድርቅ ካለ ሥራው እዚህ አለቀ።

አራተኛ፦ ጥፋቱን በመዝጋት መለየት

አሁንም ከለሰለሰ፣ ጥፋቱ ማስተሩ ላይ ይሁን ጎማዎቹ ጋ ለመለየት አራቱን የጎማ ቱቦዎች በቱቦ መቆንጠጫ ዝጉ። በባዶ ፒንሳ አትቆንጥጡ፤ ውስጡ ይቆረጣል፣ ከውጭ ግን አይታይም። ቱቦው ከ10 ዓመት በላይ ከሆነው ይህን ሙከራ ትታችሁ ቀይሩት።

አራቱም ተዘግተው ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ከሆነ ማስተሩ ደህና ነው። ተዘግተውም ከሰመጠ ወይም ከለሰለሰ ጥፋቱ ማስተሩ ውስጥ ወይም ከማስተሩ እስከ ቱቦዎቹ ባለው መስመር ነው። ማስተሩ ደህና ከሆነ አንድ በአንድ ክፈቱ፤ የተከፈተበት ጊዜ ፔዳሉን ያወረደው ጎማ ጥፋተኛው ነው።

አምስተኛ፦ አየር ማስወጣት

የአየር ማስወጫዎቹን ከአንድ ቀን በፊት በስፕሬይ አርጥቡ። ያልተላቀቀ ማስወጫ በጉልበት ከተጠመዘዘ ይሰበራል፤ ከተሰበረ ደግሞ ዊል ሲሊንደሩ አብሮ ይሄዳል። ራሱን በትንሽ መዶሻ ቀለል አድርጎ መታ መታ ማድረግ ይረዳል።

መሪው በግራ ላለ መኪና ተራው የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ፊት ነው፤ ከሩቁ ወደ ቅርቡ። ማስተሩ አሮጌ ከሆነ ከፔዳሉ ፊት ወለሉ ላይ እንጨት አስቀምጡ፣ እስከ መጨረሻ እንዳይወርድ። በየቀኑ አነዳድ ጎሚኒው የማይደርስበት የማስተሩ ክፍል የዛገ ስለሆነ፣ እስከ ወለል የተረገጠ ዕለት ጎሚኒው ይቀደዳል። አየር ለማስወጣት ገብቶ ማስተሩ ሞቶ የሚወጣ መኪና አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

1. ማጠራቀሚያውን ሙሉ። ግልጹን ቱቦ ማስወጫው ላይ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ጥቂት ንጹሕ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አጥልቁ።
2. ረዳቱ «ርገጥ» ሲባል በዝግታ ይርገጥና ይያዝ። ቶሎ ቶሎ መርገጥ አየሩን ወደ ጥቃቅን አረፋ ይሰባብረዋል፤ ለመውጣት ያስቸግራል።
3. ማስወጫውን ግማሽ ዙር ክፈቱ። ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ረዳቱ እግሩን እዚያው ያቆይ።
4. ማስወጫውን ዝጉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ «ልቀቅ» በሉ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አየሩ ተመልሶ ይገባል።
5. ሁለት ሦስት ሴኮንድ ጠብቃችሁ ድገሙት፤ አረፋ ጠፍቶ ዘይቱ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ።

በየአምስት እርግጫው ማጠራቀሚያውን ሙሉ። ባዶ ከሆነ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። የወጣውን ዘይት መልሳችሁ አትጨምሩት። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው ብዙ ውኃ አፍስሱበት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ፍሳሽ ሳይኖር አየር ተመልሶ ከገባ ሁለት ቦታ እዩ። ማስተሩ መውጫ ላይ በመስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለ፤ ያ ግፊት የዊል ሲሊንደሩ ጎሚኒ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ እንዲቆይ ያደርጋል። ቫልቩ ከሞተ፣ ወይም ማስተሩ ሲጠገን ሳይመለስ ከቀረ፣ ፔዳሉ በተለቀቀ ቁጥር ጎሚኒው አየር ይስባል። ሌላው ዘይት ከማጠራቀሚያው ወደ ማስተሩ የሚወርድበት ቱቦ መጋጠሚያ ጎማ ነው፤ ከደረቀ አየር ያስገባል።

ስድስተኛ፦ ማስተሩ ራሱ

ጥፋቱ ማስተሩ መሆኑ በአራተኛው ሙከራ ከተረጋገጠ የግራውን የፊት ጎማ አውልቁ፤ የሚደረስበት በዚያ በኩል ነው። ዘይቱን ቀድማችሁ ምጠጡ፤ ቱቦዎቹን በ11 ቁጥር ፍቱና ጫፋቸውን ድፈኑ። ፈትታችሁ ውስጡን በጣት ጥፍር ዳስሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ የጎሚኒ ለውጥ ብዙ አይቆይም፣ ማስተሩን ሙሉውን ቀይሩ። ውስጡ ለስላሳ ከሆነ ጎሚኒዎቹን መቀየር በቂ ነው። ክፍሎቹን በአልኮል ወይም በፍሬን ዘይት ብቻ እጠቡ። በቤንዚን ወይም በናፍታ የታጠበ ጎሚኒ በሳምንት ውስጥ ያብጣል። ሲገጠምም በንጹሕ የፍሬን ዘይት ብቻ ይራስ፤ ተራ ግሪስ አይነካው።

የመጨረሻው ቮልስ ከሜክሲኮ ፑዌብላ ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ስለሆነ መለዋወጫው ዛሬም አለ። ግን ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ማስተር ወስዶ ሳይፈቱ መግጠም አይመከርም፤ ለረጅም ጊዜ ደርቆ የተቀመጠ ማስተር ውስጡ ዝጎ ነው የሚገኘው።

አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ሞርሳ ላይ አስራችሁ ዘይት ሙሉትና መውጫዎቹን በጣት እየዘጋችሁ ፒስቶኑን በዝግታ ግፉ፤ አረፋ እስኪጠፋ። ከገጠማችሁ በኋላ የ1 ሚሊ ሜትሩን ክፍተት እንደገና ለኩ፤ አዲሱ ማስተር ከአሮጌው በጥቂት ሊለይ ይችላል።

ሲሞቅ ብቻ የሚለሰልስ ፔዳል

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ዝቅተኛው መስፈርት 155 ነው። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ሹፌሩ ፍሬኑን ይዞ ከወረደ ታምቡሮቹ ይግላሉ፤ ሙቀቱ በዊል ሲሊንደሩ ወደ ዘይቱ ያልፋል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት እንደ አየር ይታመቃል፤ ፔዳሉም ባላሰባችሁት ኩርባ ላይ ወለል ይነካል። ጣርማ በርና ሊማሊሞም ከዚህ አይለዩም። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ቀይሩ፤ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ በሞተር እየያዛችሁ ውረዱ፤ ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ረግጣችሁ ልቀቁት እንጂ እግራችሁን አታሳርፉበት። መንገድ ላይ ከለሰለሰ ማርሽ ቀንሱ፣ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭናችሁ ቀስ በቀስ ጎትቱ። የእጅ ፍሬኑ በገመድ ስለሚሠራ የፈላ ዘይት አይነካውም።

መንገድ ላይ መሞከር

ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሉን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ያዙ፤ መስመጥ የለበትም። አራቱንም ጎማና ማስተሩን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ እርጥበት ፈልጉ። ከዚያ ሰው በሌለበት ደልዳላ ቦታ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ቀጥሎ በ40፣ ያዙ። ወደ አንድ ጎን ከሳበ የፊት ሸራዎቹ ማስተካከያ እኩል አይደለም፤ ወይም ከሚስብበት በተቃራኒው ጎን ያለውን ሸራ ዘይት ነክቶታል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ታምቡር አስጠጉ፤ ከሌሎቹ የበለጠ የሚያቃጥል ካለ ሸራው ከመጠን በላይ ጠብቋል፣ አንድ ጥርስ መልሱ። ካልቀዘቀዘ የዚያ ጎማ ቱቦ ውስጡ ተዘግቶ ዘይቱን አልመልስ እያለ ሊሆን ይችላል፤ ቀይሩት።

ሸራው አዲስ ከሆነ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ስምንቱንም ማስተካከያዎች እንደገና ፈትሹ፤ አዲስ ሸራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ስለሚበላ ፔዳሉ ጥቂት ይወርዳል።